ሁለት ሜትር ለማርማላታ

ውድ አድሪያን፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እንዳታነብ፤ ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ከባድ ዜና ነው። ባለፈው ወር በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ባዝራዬ ማርማላታ በኮምሊ መጠጥ ቤት በር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን፣ መንደራችን ለአበባ ውድድር ያቀረበውን ቅርጫት ከነአበባው፣ ከነአፈሩ፣ ከነገመዱ እኩሌታ በልታለች። መንደሩ ሐዘን ላይ ነው። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በአራተኛው ቀን አፏን የፈታችው ለስድብ ነው። ወንጀለኛዋን ግን ጸጸት የሚባል ነገር አልጎበኛትም፤ ሆዷ ብቻ እንደ ከበሮ ተነፋ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጎኗን በጣቱ አንኳኳና፣ «ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ አራምዳት» ብሎ ሄደ።

ዋናውን ነገር ትቼ ለምን በፈረስ ሆድ እንደጀመርኩ ታውቃለህ። አባትህ ቁም ነገር ሊናገር ሲነሣ በፊት ለፊት በር ገብቶ አያውቅም፤ በጓሮ ነው። ዋናው ነገር የታምሲን ጉዳይ ነው። በሰኔ ስልክ ደውዬ የልጅህን ስምና «መኪና» የሚለውን ቃል አንድ ላይ ሳነሣቸው፣ «አባዬ፣ ስለሱ አንድ ቃል እንዳትነግረኝ። አውቶቡስ የማይደርስበት ሥራ ለልጄ አይሆንም» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አልተቀየምኩህም። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቢበዛ ትቀደዋለህ፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ያላነበብከውን ነገር ቀደህ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅህ ሥራ አግኝታለች። ከኮምሊ እስከ ረግረጉ ጥግ በተበተኑት የእርሻ ቤቶች እየዞረች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ማጠብ፣ ቁስላቸውን ማሰር፣ መድኃኒታቸውን መስጠት፣ ሲያጉረመርሙ ቁጭ ብሎ መስማት። እኔ ዘንድ ከመጣች ሁለት ዓመት ስለሆናት ለማጉረምረሙ በቂ ልምምድ አድርጋለች። አሠሪዋ ሴትዮ ግን ቁርጡን ነግረዋት ነበር፦ «እስከ ዓርብ መንጃ ፈቃድሽን ካላሳየሽኝ ቦታው ለሌላ ሰው ነው።» ፈተናው ሐሙስ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

ለምን እንደወደቀች ልንገርህ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ልጅን መኪና በተከለከለባት ደሴት ላይ፣ በብስክሌትና በፈረስ ጋሪ መሃል ታሳድጋለህ! እዚያ ሳርክ ደሴት ላይ ሰው ሁሉ «ቅደሚ» ሲላት፣ እሷም «ኧረ እናንተ ቅደሙ» ስትል አደገች። የመጀመሪያው ፈተና ላይ አደባባይ ደረሰችና ቆመች። ቆመች። አሁንም ቆመች።

ፈታኙ፣ «ማን እስኪያልፍ ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ሁሉም እስኪያልፉ።»

ከኋላዋ ክላክስ ያደረጉባትን ሁሉ እጇን እያነሣች አመሰገነች። በሁለተኛው ፈተና ደግሞ ጥግ ይዞ ለቆመ መኪና ቅድሚያ ሰጠች። ውስጡ ሰው አልነበረም።

መሪና ፍሬን የሚያስተምራት ሌላ ሰው ስላላት እኔ የያዝኩት ሕጉን ነው። አንተ ደሴትህ ላይ ሆነህ አልሰማህ እንደሆነ፣ የመንገዱ ሕግ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሻሽሏል። ብዙ ጉዳት ማድረስ የሚችል ብዙ ይጠንቀቅ ይላል። የጭነት መኪናው ለትንሿ መኪና፣ መኪናዋ ለብስክሌትና ለፈረስ፣ ብስክሌቱም ለፈረስና ለእግረኛ ይጠንቀቅ። ብስክሌት ስታልፍ ቢያንስ ሜትር ተኩል ራቅ። ፈረስ ስታልፍ በሰዓት ከአሥር ማይል አትብለጥ፤ ሁለት ሜትርም ራቅ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ከጋብቻ ቃል ኪዳን ቀጥሎ በቃሌ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው።

ታምሲን አሰብ አድርጋ፣ «አያቴ፣ ሁለት ሜትር ግን ምን ያህል ነው?» አለችኝ። «በቁጥር አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አላውቀውም።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። እኔ ሜትር ከሰማንያ ነኝ፤ ባርኔጣዬ ሃያ ሳንቲ ይሞላል።

«ተነሥ እንጂ! ድንጋዩ እርጥብ ነው።»

«አልነሣም። መጀመሪያ በዓይንሽ ያዢኝ። ፈረስ ባየሽ ቁጥር፣ በመኪናሽና በፈረሱ መሃል አያትሽ ከነባርኔጣው እንደተኛ አድርገሽ አስቢ። አያትሽን ጨፍልቀሽ እንዳትሄጂ።»

ይህን ስል የጎረቤታችን የብሬንዳ ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ብሬንዳን ታስታውሳታለህ፤ ፖስታ ቤት ትሠራ የነበረችው። አሁን ጡረታ ወጥታ ሰባት ጡረተኞችን በብስክሌት አስከትላ አገር ታምሳለች። እኔን ከተዘረጋሁበት አየችኝና ምንም ሳትደነግጥ፣

«ታምሲን፣ ሞተ እንዴ?» አለች።

«አይ፣ እየለካን ነው።»

«ለሬሳ ሳጥኑ?»

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጎረቤት መሃል ነው የምኖረው።

አሁን ወደ ሐሙስ። አንድ ነገር ልናዘዝ። ፈታኞቹ የሚሄዱበትን መንገድ የኮምሊ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከከተማው ወጥተው በወፍጮው አቀበት ይመጣሉ። ሐኪሙ ደግሞ ባዝራዋን መንገድ ላይ አራምዳት አለኝ እንጂ የትኛው መንገድ ላይ አላለም። ስለዚህ ሐሙስ ረፋድ ላይ ማርማላታን ጭኜ፣ ያንን ሎሚ የመሰለ አንጸባራቂ ሰደርያዬን ለብሼ፣ የራስ ቁሬን አጥብቄ ወደ ወፍጮው አቀበት ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ታምሲን ፈታኙ ፊት አንድ ፈረስ፣ ያውም በየቀኑ አፍንጫዋን የምታሻትን ፈረስ፣ ቀስ ብላና ርቃ ካለፈች ማን ደፍሮ ይጥላታል?

የወፍጮውን አቀበት ታውቀዋለህ። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ግድግዳ፣ ከላዩ ቁጥቋጦ፤ ለአንድ ጋሪ ብቻ የተቆፈረ መንገድ ነው። መሃሉ ላይ ስደርስ ማርማላታ ቀጥ አለች። የመንገድ ሠራተኞች በዋዜማው መጥተው፣ አስፋልቱ ላይ በር በሚያካክሉ ነጭ ፊደሎች «ቀስ በሉ» ብለው ጽፈውበታል። ይህች ባዝራ የድንጋይ መኪና አትፈራም፤ መብረቅ አትፈራም፤ የመጠጥ ቤቷን ባለቤት አትፈራም። መሬት ላይ የተኛ ነጭ ነገር ካየች ግን ምድር አፏን የከፈተች ይመስላታል። ተረከዜን ባቀርብላት፣ ብለምናት፣ ብሳደብ ወይ ፍንክች! በአውራጃችን ያንን ጽሑፍ ከልቧ ያከበረች የመጀመሪያዋ ፍጡር እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ማርማላታ! ከኋላሽ ነን! ብሬንዳ ነኝ! ስምንት ነን!»

ባለ ብስክሌቶች እዚህ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ፈረስ ከኋላዋ የሚሾልከው አውሬ ይመስላታል፤ የሰው ድምፅ ስትሰማ ትረጋጋለች።

«ሰምተናል» አልኩ።

«አንተን አይደለም ያናገርኩት።»

«እሺ እለፉ፤ እሷ አልሄድም ብላለች።»

«አናልፍም! ፈረስ ይቀድማል። ሕግ ነው።»

«ብሬንዳ፣ ፈረሷ ቆማለች እኮ!»

«እንጠብቃለና። ጡረተኞች ነን፤ የት ልንደርስ?»

ይህን እየተባባልን ከላይ በኩል ገበሬው ኪት በትራክተር፣ ተሳቢ ሙሉ ድርቆሽ እየጎተተ ቁልቁል መጣ። እኔን ሲያይ ከጽሑፉ ወዲያ ማዶ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። እጁን አጣምሮ ተደገፈ።

«ዊልፍሬድ፣ ና እለፍ! ትልቁ እኔ ነኝ፤ መጠበቅ ያለብኝም እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ሕጉን መቼ አነበብከው?»

«ተከስሼ ዳኛዋ ያስነበቡኝ ጊዜ!»

እኔ ለኪት «አንተ ና» እላለሁ። ኪት ለእኔ «አንተ ና» ይላል። ብሬንዳ ለማርማላታ «አንቺ ቅደሚ» ትላለች። ከብሬንዳ ኋላ ሰባት ጡረተኞች እርስ በርስ «ኧረ አንቺ፣ ኧረ አንተ» እየተባባሉ ውኃ ይጠጣሉ። ሁሉም ሕግ አክባሪ፣ ሁሉም ጨዋ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። በጨዋነት ታፍነን ልንሞት ምንም አልቀረንም ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ትንሿ ነጭ መኪና፣ የተለማማጅ ቀይ ምልክቷን ለጥፋ፣ ከታች ከመታጠፊያው ብቅ ብላ ከብስክሌቶቹ ኋላ የቆመችው። ኮርቻዬ ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ መሪው ላይ ታምሲን፣ ከጎኗ አንገቱ ረዘም ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ።

አድሪያን፣ ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ የወደቀችው በመጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ተነሥቼ፣ ፈረስ ጭኜ፣ አገር ያላየውን የመጠባበቅ ጉባኤ መንገዷ ላይ ደገስኩላት። ብትጠብቅ «ያለ ምክንያት ትዘገያለች» ተብላ ትወድቃለች። ተጋፍታ ልለፍ ብትል፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ስምንት ብስክሌትና አንዲት ፈረስ አደጋ ላይ ጥላ ትወድቃለች። ሥራዋ ሄደ፤ ያሳጣኋትም እኔ ነኝ። ኮርቻዬ ላይ ሆኜ ጸሎት ሞከርኩ፤ ልምዱ ስለሌለኝ አጋማሹ ላይ ጠፋብኝ።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ከዚያ የመኪናዋ የኋላ ነጭ መብራት በራ።

ወደ ኋላ ሄደች፣ አድሪያን። ማንም ያላሰበው እሱን ነበር። ከሁላችንም መጨረሻ የቆመችው እሷ ስለሆነች፣ እሷ ካልተመለሰች ማንም ሊመለስ አይችልም። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ሳትጮህ ግን ሁላችንም እንድንሰማት አድርጋ ተናገረች፦

«እሜቴ፣ ከታች የእርሻው በር ጋ ሰፊ ቦታ አለ። አንድ በአንድ ከብስክሌት እየወረዳችሁ ተከተሉኝ። ባለ ትራክተሩ፣ ሁላችንም ስንገባ ቀስ ብለህ ውረድ። ጌታዬ፣ እርስዎ ፈረስዎን አዙረው ከመጨረሻ ይምጡ።»

ጌታዬ! እኔን፣ በዋዜማው ማታ ካልሲህን የት ጣልክ ብላ የተቆጣችኝን ሰውዬ! ብሬንዳ «እሜቴ አለችኝ» ብላ ሳቋን ስታፍን ብስክሌቷን ልትጥል ደርሳ ነበር።

ወደ ስድሳ እርምጃ የሚሆን፣ መታጠፊያ ያለበት መንገድ፣ ግራና ቀኝ የአፈር ግድግዳ፣ አንዴ ስፖኪዮ አንዴ ትከሻዋን እያየች፣ አንድም ቅጠል ሳትነካ በኋላ ማርሽ ወረደችው። በኋላ «ከየት አመጣሽው?» ስላት የነገረችኝን ልንገርህ። «ከአባቴ» አለች። «ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ጋሪ ከተገጣጠመ፣ ትክክሉ ማን ነው እያልሽ አትከራከሪ፤ መመለስ የሚቀለው ይመለስ ይለኝ ነበር።» አየህ? ሳታውቀው መኪና አስተምረሃታል።

እርሻው በር ላይ ስንታጎር፣ ሌላ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ማርማላታ የታምሲንን ድምፅ ሰምታለች፤ የታምሲን ኪስ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ። ልጓሙን ብይዝ፣ ብጎትት፣ አንገቷን አስረዝማ ጭንቅላቷን በተከፈተው መስኮት ከተተችው። ታምሲን ፊት ለፊት እያየች፣ ፊቷን እንደ ዳኛ አኮስትራ፣ በአንድ እጇ የባዝራዋን አፍንጫ ታሻለች።

ፈታኙ ወደ በሩ ተጠግቶ፣ «ይህች ፈረስ ታውቅሻለች?» አላት።

«ፈረስ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ።»

ቀና ብሎ በመነጽሩ በላይ እኔን አየኝ። «እርስዎስ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እዚህ መንገድ ላይ ነዎት?»

«በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጌታዬ።»

«በሐኪምዎ?»

«በሐኪሟ።»

ፈታኙ ከንፈሩ ላይ ሊወጣ ያለውን ሳቅ መልሶ ዋጠው። ኪት ከነድርቆሹ እያዘገመ በአጠገባችን አለፈና ባርኔጣውን አነሣልን። አቀበቱን መልሰን ስንወጣ፣ ከተሳቢው የተራገፈ ድርቆሽ ነጮቹን ፊደሎች አልብሷቸው አገኘን። ማርማላታ አንድ ጉንጭ ዘግና፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር እንደሚል ሰው እያኘከች ተሻገረች።

ከላይ መንገዱ ይሰፋል። እኔ ከፊት፣ ብስክሌቶቹ ከኋላዬ፣ ከሁላችን ኋላ እሷ። ፊት ለፊት ማንም እንደሌለ ካየች በኋላ ብስክሌቶቹን ርቃ ስታልፍ ሰማሁ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ወደ እኔ መጣ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከፈረስ ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ፣ እነሆ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከኋላዬ ሞተር ስሰማ ጀርባዬ ይኮማተራል። አፌ ይቀልዳል፣ ጀርባዬ ግን ቀልድ አያውቅም። ሐሙስም ተኮማተረ። ድምፁ ዝቅ አለ። ይበልጥ ዝቅ አለ። በሰው እርምጃ ያህል፣ ከእኔ ሁለት ሜትር ሳይሆን ሦስት ርቃ፣ ድንጋይ ሳታስፈነጥር፣ ማርማላታ ጆሮዋን እንኳ ሳታዞር አጠገቤን አለፈች። ለማንኛውም አሽከርካሪ እንደማደርገው እጄን አነሣሁላት። እሷም ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብቻ አነሣች። መኪናዋ ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ቀና ብዬ መቀመጤን ያወቅሁት ብሬንዳ፣ «ዊልፍሬድ፣ ወገብህ ተቃና እኮ፤ ምን ነካህ?» ስትለኝ ነው።

ማታ ታምሲን ለእራት የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ዓሣውን በአንድ በኩል፣ የፈተናውን ወረቀት በሌላ በኩል አስቀመጠች።

«አንተ ተንኮለኛ ሽማግሌ! ሆን ብለህ ነው!»

«አልፈሻል?»

«መጀመሪያ ሆን ብለህ ነው በል!»

«ሆን ብዬ ነው። አልፈሻል?»

«አልፌያለሁ! አራት ትንንሽ ስሕተት ብቻ። አንደኛው መሪ በሚያዝበት እጅ የፈረስ አፍንጫ ማሸት።»

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ለአሠሪዋ ሴትዮ አሳየቻቸው። ሰኞ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ታማሚዋ ከረግረጉ ወዲያ የሚኖሩት የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ «ዘገየሽ» ብለው ተቆጧት፤ አሥር ደቂቃ ቀድማ ነበር የደረሰችው። ደስ ብሏት ስትተርክልኝ ማየት ነበረብህ።

የዚያን ሐሙስ ማታ ግን፣ ድንቹ ሳያልቅ፣ «አያቴ፣ አባቴ መኪና የማይነዳው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ብስክሌት ስለሚወድ።»

«ስትዋሽ ጢምህን ትነካለህ።»

እጄን ከጢሜ ላይ አወረድኩ። «መልሱ የአባትሽ ነው» አልኳት። ማለፏን ራሷ ልትደውልልህ ነበር፤ ደብዳቤዬ እስኪደርስ ታገሺኝ ብዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። አንተን ሳላናግር ለእሷ መናገር አልፈለግሁም።

ያኔ አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። መስከረም ነበር። በዚያው በወፍጮው አቀበት፣ ሳጅን በሚባለው ጥቁር ፈረሴ ላይ ሆኜ ስወጣ፣ ከቁጥቋጦው አንዲት ቆቅ ቱር ብላ ተነሣች፤ ፈረሱ ደነበረ፤ እኔ ወደቅሁ፤ ዳሌዬ ተሰበረ። ይህንን ለፖሊሱ፣ ለሐኪሙ፣ ነፍሷን ይማርና ለእናትህ፣ ለመጠጥ ቤቱም ሰው ሁሉ ተርኬዋለሁ። ቆቋ በየዓመቱ ትወፍር ነበር፤ ሰሞኑን ዝይ አክላለች። አንተ ሆስፒታል የመጣኸው በሦስተኛው ቀን ነው። እግርጌዬ ቆመህ የአልጋውን ብረት ጨበጥክና፣ «አባዬ፣ እኔ…» አልክ።

«ቆቅ ናት፣ ልጄ» አልኩህ።

በሳምንቱ የመኪናውን ቁልፍ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ዳግመኛ አላነሣኸውም። በጸደይ ሳርክ ሄድክ፤ ብስክሌት መጠገኛህን ከፈትክ። ከዚያ ወዲህ ዳሌዬ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቀኝ የቀረህበት ጊዜ የለም፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኔ ስጦታ የሰጠሁህ መስሎኝ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በስጦታዬ ስኮራ ኖርኩ። አሁን ሳስበው፣ አፍህን ከፍተህ ሳለ በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።

በመስከረም ና። ሚስትህ ሄዘርም ትምጣ። ታምሲን ከወደቡ ልትቀበላችሁ ትመጣለች፤ አንተ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ፈረስ ካገኛችሁ ፍጥነቷን ስትቀንስ ታያለህ፤ ምንም አትበላት፤ ዝም ብለህ እያት ብቻ።

የአባትህን ጠባይ ታውቃለህ፤ በማወራው ሁሉ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። የትኛውን እንደጨመርኩ ካልነገርኩህ ደብዳቤው አያልቅልኝም። እስካሁን ከጻፍኩልህ ሁሉ የፈጠርኩት ቆቋን ነው። ያን ቀን የተነሣች ወፍ አልነበረችም። ከኋላዬ በፍጥነት መጥታ እግሬን ልትነካ ትንሽ ቀርቷት ያለፈችው የራሴ ሰማያዊ መኪና ነበረች፤ መሪው ላይ አንተ ነበርክ፤ መሬት ተኝቼ ሰሌዳዋን አንብቤያለሁ። መታጠፊያው ላይ ቀዩ የፍሬን መብራቷ በራ፤ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ። ያን ጊዜ ሕጉ ለፈረስ «ሰፊ ቦታ ስጡ» ብቻ ነበር የሚለው። ሬዲዮውንና መስኮቱን ለከፈተ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰፊ ማለት ምን ያህል ነው? ካልነካ በቀር ሁሉም ሰፊ ነው። የነገረህ አልነበረም፤ እኔም አላሳየሁህም። ሰው ባልነበረበት በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አምቡላንስ በሃያ ደቂቃ ደረሰልኝ። ማን እንደደወለ ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። እስኪደርስ ድረስ ስሰድብህ ቆየሁ። ሲደርስ ጨርሼ ነበር።

የሚወድህ አባትህ፣
ዊልፍሬድ